የደጅ እሳትና የውሃ ጌጥ፦ ስለ አንዳንድ የግቢ ዕቃዎች አሰያየም

ከወራት በፊት አንድ የትርጉም ባልደረባችን ዐሥራ ስድስት ገጽ ያላትን አነስተኛ መምሪያ ይዘውልን መጡ። መምሪያዋ በመኖሪያ ቤት ደጅና በመዋኛ ገንዳ ዙሪያ የሚተከሉ የእሳትና የውሃ ዕቃዎችን አመራረጥና አያያዝ የምታስረዳ ስትሆን፣ ዕቃዎቹን ከውጭ አገር የሚያስመጣው ነጋዴ በአማርኛ እንድትተረጎምለት የፈለገው በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ቤት ለሚሠሩ ደንበኞቹ ነበር። ባልደረባችን የጠየቁን የሦስት ስያሜዎችን አቻ ብቻ ነው፤ ይኸውም ‹‹ፋየር ፒት››፣ ‹‹ዋተር ፊቸር›› እና ‹‹ፓቲዮ›› የተባሉትን። እኛም ጉዳዩ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ውይይት የማያልፍ መስሎን ነበር። ረቂቁን ትርጉም ስናነብ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሰን ቆምን። መምሪያዋ ‹‹ከመተኛትዎ በፊት እሳቱን በአሸዋ አፍነው ያጥፉ›› ለማለት የፈለገችውን ረቂቁ ‹‹ከመተኛትዎ በፊት እሳቱን ያዳፍኑ›› ብሎት ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ አንባቢ ስሕተቱን ወዲያው ይገነዘባል። እሳት ማዳፈን እሳት ማጥፋት አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ፍሙን በአመድ ሸፍኖ እስከ ማለዳ በሕይወት ማቆየት ማለት ነው። ‹‹የተዳፈነ እሳት›› የምንለውም፣ በእማሬም ሆነ በፍካሬ፣ የሞተ መስሎ ያልሞተውን ነው። ተርጓሚው በመዝገበ ቃላት ፊት ለፊት ጥፋት አልሠሩም፤ ‹መሸፈን›፣ ‹አየር መከልከል› የሚሉት የትርጉም ክፍሎች በሁለቱም ቃላት ውስጥ አሉ። የጎደለው የድርጊቱ ዓላማ ነው። በዚህ ምክንያት ከሦስቱ ስያሜዎች አልፈን መላውን የእሳትና የውሃ የቃላት መስክ ለመመርመር ተገደድን፤ ሥራውንም በጠረጴዛ ላይ ብቻ ላለመጨረስ ስንል ዕቃዎቹ ከተተከሉባቸው ግቢዎች ሁለቱን በቡራዩ ጎበኘን።

ቡራዩ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ብርቱ ብርድ አለው። በዚህም ምክንያት በደጅ እሳት ማንደድ ለታይታ ብቻ የገባ አዲስ ልማድ ነው ለማለት አያስደፍርም። በእርግጥ ዕቃው አዲስ ነው፤ ከእሳት ዙሪያ መሰብሰብ ግን አዲስ አይደለም። መስከረም 16 ቀን ደመራ፣ በቡሄ ዋዜማ ችቦ የሚያበራ ሕዝብ፣ የደጅ እሳትን ከባዕድ የሚማርበት ምክንያት የለም።

በመጀመሪያ ስለ ‹‹ፓቲዮ›› ጥቂት እንበል፤ ነገሩ ብዙ አያከራክርምና። ከቤት ጋር የተያያዘ፣ መሬቱ በድንጋይ ወይም በሸክላ የተነጠፈ፣ ጣሪያ የሌለው መቀመጫ ስፍራ ነው። ረቂቁ ‹በረንዳ› ብሎታል። በረንዳ ግን በአማርኛችን ጣሪያ አለው፤ ከዝናብ ያስጠልላል፤ ‹በረንዳ አዳሪ› የሚለው አሳዛኝ ስያሜ የተገኘውም ከዚሁ ነው። ጣሪያ ባለው ስፍራ ላይ እሳት እንዲነድ ማዘዝ አደገኛ ስለሆነ ‹በረንዳ› ለዚህ አያገለግልም። ‹ሰገነት› ከፎቅ ላይ ነው። የቀረው ‹ደጅ› ነው፤ ደጅ ጠና፣ ደጀ ሰላም፣ ደጃዝማች እያልን በክብርም በልመናም የምንጠቀምበት ባለ ብዙ ዘር ቃል። እኛም ‹ንጣፍ ደጅ› እንዲባል ሐሳብ አቅርበናል። አንድ ወጣት ባልደረባችን በ‹ጥርብ ድንጋይ› አምሳል ‹ንጥፍ ደጅ› ይሻላል ብሎ ነበር፤ የቅጽል አመሠራረቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ‹ነጠፈ› ማለት ደረቀም ማለት ነው፤ ላም ትነጥፋለች፣ ምንጭ ይነጥፋል። ውሃ በሚፈልቅበት ስፍራ ላይ እንዲህ ያለ ስም መለጠፍ ሳያስቡት ማሟረት ይሆናል ተብሎ በሳቅ ተተወ።

ወደ እሳቱ ስንመለስ፣ በረቂቁና በገበያው ውስጥ ለ‹‹ፋየር ፒት›› አምስት ያህል አቻዎች አግኝተናል። የመጀመሪያው ‹የእሳት ጉድጓድ› ነው። ይህ ቃል በቃል የተቀዳ ነው፤ በአማርኛ አንባቢ ጆሮ ውስጥም የሚቀሰቅሰው ገሃነመ እሳትን እንጂ እንግዳ የሚጋበዝበትን ስፍራ አይደለም። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ዕቃዎች ጉድጓድ አይደሉም፤ ከመሬት ከፍ ብለው በእግር የቆሙ የብረት ሳህኖች ወይም ከድንጋይ የተካቡ ክብ ቅጥሮች ናቸው። ጉድጓድ የሚለው ቃል አንድን ገዢ በእውነት መሬት እንዲቆፍር ቢገፋፋውስ? በእንጨት ለሚነደው ዓይነት ምናልባት ብዙ ጉዳት የለውም። በቡታጋዝ ለሚሠራው ግን አደጋ አለው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቧንቧው ቢያፈስ በዝቅተኛ ስፍራ ይጠራቀማል፤ አንድ የክብሪት ብልጭታ የሚጠብቀውም እዚያው ነው። ስለዚህ ‹ጉድጓድ› የሚለው አቻ በፍካሬው ብቻ ሳይሆን በሚያስከትለው ተግባርም ውድቅ ነው።

ሁለተኛው ‹ማሞቂያ› ሲሆን፣ ነጋዴዎቹ እጅግ የሚወዱት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ የሥነ ምዕላድን ጉዳይ ማንሣት ግድ ይላል። ‹መሞቂያ› እና ‹ማሞቂያ› በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ከ‹ሞቀ› የወጣ ሆኖ ሰው ራሱ ሄዶ የሚሞቅበትን ስፍራ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ከ‹አሞቀ› የወጣ ሆኖ ሌላውን ነገር፣ ለምሳሌ ክፍልን ወይም ውሃን የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። ከዕቃው ባሕርይ ጋር የሚስማማው ‹መሞቂያ› ሆኖ ሳለ በገበያ የጸናው ‹ማሞቂያ› መሆኑ ተራ የፊደል ግድፈት አይደለም። ‹ማሞቂያ› ያለው ሰው ወደሚሞቀው ክፍል ያስገባዋል፤ ማሞቂያ ማለት ይኸው ነውና።

ሦስተኛውና አራተኛው ‹ምድጃ› እና ‹ማንደጃ› ናቸው። ‹ማንደጃ› ከ‹አነደደ› በመደበኛው የመሣሪያ ስም አመሠራረት የተገኘ ነው፤ መጨረሻ ያለው ‹ደ› በ‹-ያ› ቅጥያ ምክንያት ወደ ‹ጀ› መለወጡ ከ‹ሄደ› ‹መሄጃ›፣ ከ‹ከፈተ› ‹መክፈቻ› እንደሚወጣው ነው። ቃሉ ያማረ፣ ሥርወ ቃሉም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው አማርኛ ማንደጃ ማለት ከሰል የሚቀጣጠልባት፣ ቡና የሚፈላባት፣ ከእልፍኝ ወደ ጓዳ ከጓዳ ወደ እልፍኝ የምትንቀሳቀስ ዕቃ ናት። ምድጃም ቢሆን የቤት ውስጥ ነው፤ ጉልቻው ከሦስት ድንጋይ ይሁን ከብረት፣ ስፍራው ከጣሪያ በታች ነው። ‹‹ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም›› ሲሉ፣ የስያሜ ክርክር ከንቱ ነው የሚሉን ሰዎች ከዚህ ላይ ተረቱብን። የወጡን ጣዕም በተመለከተ ተረቱ እውነት ይሆናል። ጉልቻው የተተከለበት ክፍል መስኮት ያለውና የሌለው ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በቡራዩ ያየነውን መጻፍ ያለብን እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ ግቢዎች በአንዱ፣ የቤቱ እመቤት በአክብሮት ተቀብለው እሳቱን አስነድደውልን ነበር። እንጨቱ የአካባቢው ባሕር ዛፍ ስለነበረ እየተፈናጠረ ልብሳችንን ለማቃጠል ሞከረ፤ የወይራ ፍልጥ ቢሆን እንዲህ ባላስቸገረን ነበር። ከመሸ በኋላ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር፣ የግቢው ጠባቂ አንድ አዛውንት በአካፋ ከፍሙ ጨልፈው፣ በቆርቆሮ ዕቃ ላይ አድርገው፣ አመድ ጣል አደረጉበትና ወደ ማደሪያቸው ይዘው ሲሄዱ አየን። ማደሪያቸው በበሩ አጠገብ ያለች፣ ከአንድ አልጋ በቀር የማትይዝ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ‹‹አባቴ፣ ይህ አይበጅም›› ብንላቸው፣ ‹‹ተዳፍኗል ጌታዬ፤ ጭስ የለውም፣ እስኪነጋ ያሞቀኛል›› አሉን።

ጭስ የለውም ማለታቸው እውነት ነው፤ አደጋውም በዚያው ውስጥ ነው። ከፍምና ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በደጋው አገራችን በብርድ ወራት ከሰል አስገብተው ተኝተው ሳይነሡ ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። እመቤቲቱ ነገሩን ሲሰሙ ደንግጠው ወፍራም ጋቢና ተጨማሪ ብርድ ልብስ አስመጡ፤ አዛውንቱም፣ ብዙም ሳያምኑን፣ ፍሙን ደጅ ላይ ደፉት። እኛ ግን አዛውንቱን አልወቀስንም። በቋንቋችን ከጎረቤት ‹እሳት መጫር› የመልካም ጉርብትና ምልክት ነው፤ ፍም ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚሄድ ነገር መሆኑን ልሳኑ ራሱ አስተምሯቸዋል። ዕቃው ‹ማንደጃ› ወይም ‹ማሞቂያ› ተብሎ ከተሸጠማ ይህን ልማድ ስያሜው ራሱ ያጸድቀዋል።

በዚህ ምክንያት ‹የደጅ ምድጃ› የሚለውን አምስተኛውን አቻ፣ ብዙ ባልደረቦቻችን ቢደግፉትም፣ አልተቀበልነውም። የተጣመሩ ስያሜዎች በአንደበት ላይ ሲውሉ ያጥራሉ። ‹የቡታጋዝ ምድጃ› አጥሮ ‹ቡታጋዝ› ሆኗል፤ ‹የመዋኛ ገንዳ› አንዳንዴ ‹መዋኛ›፣ አንዳንዴ ‹ገንዳ› ይባላል። የትኛው ክፍል እንደሚቆረጥ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ‹የደጅ ምድጃ› ደጁ ተቆርጦ ‹ምድጃ› ብቻ ቢቀር ዕቃው በስሙ ተጠግቶ ቤት ይገባል። ስለዚህ የትኛውም ክፍሉ ቢቆረጥ ጉዳት የማያስከትል ስያሜ ስንፈልግ ‹የደጅ እሳት› ላይ ደረስን። ‹ደጅ› ቢወድቅ ‹እሳት› ይቀራል፤ እሳትን ደግሞ ማንም እንደ ወንበር አንሥቶ ላስገባው አይልም። ‹እሳት› ቢወድቅ ‹ደጅ› ይቀራል። በ‹እሳተ ገሞራ› አምሳል ‹እሳተ ደጅ› ይባል ያሉም ነበሩ፤ ግርማ አለው፣ ነገር ግን የግዕዝን አገባብ ከአማርኛ ቃል ጋር ያቆራኛል፣ እሳቱንም ተራራ ያሳክለዋል።

የመረጥነው ስያሜ ነቀፌታ የለበትም አንልም። እሳቱንና ዕቃውን በአንድ ስም መጥራት አሻሚ ነው፤ ‹‹የደጅ እሳቱን ክደን›› ሲባል ነበልባሉን ነው ወይስ ሳህኑን? ዕቃውን ለይቶ መጥራት ግድ ሲሆን ‹የደጅ እሳት ሳህን› ወይም፣ ከድንጋይ የተካበ ከሆነ፣ ‹የደጅ እሳት ካብ› ማለት ይቻላል። ለካቡ የሚሆነውን ድንጋይ በተመለከተ መምሪያዋ ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ እንዳይሆን ታስጠነቅቃለች፤ ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ በእሳት ሲግል ይፈነዳልና። በጋዝ ለሚሠሩት ዓይነቶች ከነበልባሉ ላይ የሚደረደረውን ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ረቂቁ ‹የላቫ ዐለት› ሲለው፣ በሥራው ቦታ ያገኘናቸው ግንበኞች ግን ሳያመነቱ ‹ሬድ አሽ› አሉት። ውሰት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኛም አልነካነውም።

ስለ እሳት ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። መምሪያዋ ‹ላይ ላዩን የጠፋ፣ ከሥሩ ግን ገና የጋለ አመድ› ለማለት አንድ ሙሉ ሐረግ ትጠቀማለች፤ ረቂቁም ሐረጉን ‹ትኩስ የሆነ የአመድ ቅሪት› ብሎ ተከትሏል። አማርኛ ግን ለዚህ ‹ረመጥ› የሚል አንድ ቃል አለው። ፍም፣ ረመጥ፣ ትርኳሽ፣ ነበልባል፣ ጭራሮ፣ ፍልጥ እያልን የእሳትን ዕድሜ ከመጫሩ እስከ አመዱ በየደረጃው የምንጠራ ሰዎች፣ የራሳችንን ቃል ትተን የሌላውን ሐረግ መተርጎም ለምን እንደሚቀለን ግልጽ አይደለም። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዛግብተ ቃላት በየተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ ከባዕዱ መዝገበ ቃላት ጎን ቢቀመጡ ይህን ዓይነቱን ነገር በመጠኑ ያቃልሉት ነበር።

አሁን ወደ ውሃው እንለፍ። ‹‹ዋተር ፊቸር›› ምንጭን፣ ፏፏቴን፣ ኩሬን፣ ቦይን ሁሉ የሚያጠቃልል የወል ስያሜ ነው። ረቂቁ ‹የውሃ ባሕርይ› ይለዋል፤ አንባቢም ስለ ውሃ ጨዋማነትና ጥልቀት የሚነገረው ይመስለዋል። እኛ ‹የውሃ ጌጥ› እንዲባል ሐሳብ አቅርበናል። ‹የቤት ጌጥ› የሚል አነጋገር አስቀድሞ ስላለ ለጆሮ አይከብድም። አንድ ባልደረባችን ግን፣ ‹‹በእሳቱ ላይ ስያሜው ማስጠንቀቂያ ይሁን ብላችሁ ስታበቁ በውሃው ላይ ለምን ጌጥ አላችሁት? ሕፃን ልጅ እኮ በጥልቅ ውሃ ብቻ አይደለም የሚሰጥመው›› ሲሉ ተቃወሙን። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሙሉ መልስም አልሰጠንበትም። ልንል የምንችለው፣ ውሃ ከእሳት በተለየ ስሙን ተጠግቶ ከስፍራው አይነሣም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በስያሜው ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ፣ ያውም በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ይቀመጥ ነው።

ከዝርዝሮቹ መካከል የሚያከራክረው ወደ ላይ የሚረጨው ውሃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሸራተን አዲስ ሆቴል፣ በኋላም በወዳጅነት ፓርክ፣ በሙዚቃ የታጀበውን የውሃ ትርኢት ያየ ሁሉ ‹ፋውንቴን› ይለዋል፤ ጋዜጦችም አንዳንዴ ‹ፏፏቴ› ይሉታል። ፏፏቴ ግን ‹ፏ አለ› ከሚለው የድምፅ ቃል የወጣ ሆኖ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ብቻ ያመለክታል፤ በጢስ ዓባይ የምናየው እርሱ ነው። (የዚያ ፏፏቴ ሌላ ስሙ ጢስ እሳት መሆኑን ስናስብ፣ እሳትና ውሃ በአንድ መምሪያ ውስጥ መገናኘታቸው አላስገረመንም።) ሽቅብ ለሚረጨው ‹ፊን አለ› የሚል የታወቀ ግሥ ስላለ ‹ፊን ውሃ› የሚለው ስያሜ መጀመሪያ ላይ ሁላችንንም ማርኮን ነበር። የተውነው በአንድ ምክንያት ነው፤ ‹ፍል ውሃ› ከሚለው ጋር በጽሑፍም በንግግርም ይቀራረባል። በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ያ ፍል ውሃ ነው፤ ስሙ ከማንም አእምሮ አይወጣም፤ በደጁ ያለው ምንጭ የፈላ ነው ብሎ የሚሸሽ እንግዳ እንዳይኖር ሰጋን። ስለዚህ ለጊዜው ‹ሽቅብ ውሃ› ብለነዋል። ቃሉ ደረቅ መሆኑን እናውቃለን። ከተቦረቦረ ድንጋይ መካከል ቀስ እያለ የሚወጣውን ግን ‹አንፎልፏይ ድንጋይ› ከማለት ይልቅ በዐረፍተ ነገር ‹ውሃ የሚንፎለፎልበት ድንጋይ› ብለን መተዉ ይሻላል፤ ሁሉ ነገር ስም ካልሆነ የሚል ግዴታ የለብንም።

ስለ ኩሬና ስለ ገንዳ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ገንዳ በጥንቱ ከብት የሚጠጣበት ነው፤ ‹መዋኛ ገንዳ› ግን በሕዝብ ዘንድ ስለጸና የሚነቅለው የለም። ጎንደር ውስጥ በአፄ ፋሲል (1624–1660 ዓ.ም.) ስም የሚጠራው፣ ለጥምቀት በቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው ስፍራ በአንድ በኩል ‹መዋኛ›፣ በሌላ በኩል ‹ባሕረ ጥምቀት› መባሉን ስናይ፣ አባቶቻችን አንድን ውሃ በመጠኑ ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት እንደሰየሙት እንረዳለን።

በቡራዩ ነዋሪዎች ዘንድ ግን ከስያሜዎቹ ሁሉ የከበደው ጥያቄ ሌላ ነበር። ገፈርሳ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ግድብ ሆኖ አጠገባቸው ተኝቷል፤ እነርሱ ግን ውሃ በፈረቃ ይጠብቃሉ፣ በሮቶ ያጠራቅማሉ። (ሮቶም እንደ ቡታጋዝ የንግድ ምልክት ሆኖ ሳለ የዕቃው የወል ስም ሆኗል፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በዚሁ መልክ ሊያሰፍሩት ይገባል።) አንዲት ጎረቤት የሽቅብ ውሃውን በአጥር ላይ አሻግረው እያዩ፣ ‹‹ይኼ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?›› ብለው ጠየቁን። በእውነቱ የትም አይሄድም፤ ፓምፑ ያንኑ ውሃ ከሥር እየሳበ መልሶ ያወጣዋል፤ የሚጎድለው በትነትና በነፋስ የሚወሰደው ብቻ ነው። መምሪያዋ ይህን የምትገልጽበትን ቃል ረቂቁ ‹ዳግም ዑደታዊ ሥርዓት› ብሎት ነበር። እኛ ‹ተመላላሽ ውሃ› አልን። ተመላላሽ ታካሚ፣ ተመላላሽ ሠራተኛ የሚል ሕዝብ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለጎረቤቲቱም በዚያው ቃል ብንነግራቸው ‹‹እንዲህ ከሆነስ ይሁን›› ብለው ገቡ።

ቡራዩ በኦሮሚያ የምትገኝ ስለሆነች መምሪያዋ በኦሮምኛም መዘጋጀት ይኖርባታል። እንደ ቡርቃ፣ እንደ ሐሮ ያሉትን የውሃ ስሞች የያዘ ቋንቋ፣ እኛ ‹ሽቅብ ውሃ› ብለን በግድ ያበጀነውን ምናልባት በአንድ ቃል ይጨርሰው ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ከባዕድ ከመዋስ ከጎረቤት መዋስ ስለሚሻል የኦሮምኛ ባልደረቦቻችን እንዲጽፉልን እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ በተርጓሚው እጅ ያለው የመምሪያዋ ሁለተኛ ረቂቅ የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ‹‹የደጅ እሳት ከደጅ አይነሣም። ፍሙንም ረመጡንም ወደ ክፍል አያስገቡ። ሲጨርሱ አያዳፍኑ፤ አሸዋና ውሃ ጨምረው ፈጽመው ያጥፉ።››